ስለ ሰንጋ ፈረስ ንጽሕና፤ ይልቁንም መነካትን ስለሚጠላ ፈረስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሽ ለተማሪዎችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው።)

በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ በተፈቀደልኝ ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ ሕዋ ምርምር እንድናገር መከሩኝ። እኔ ግን ስለ ፈረስ ብልት እጥበት ለመናገር እንደ ወሰንሁ ስነግራቸው አንደኛው ሣቁን መግታት አቅቶት ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ዛሬም በኋለኛው ረድፍ አፋቸውን በመሐረብ የሸፈኑ አያለሁ። ይሣቁ፤ አልቀየምም። ሣቁ ሲያልቅ ግን እንዲያዳምጡኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ነገር በማፈራችን የተነሣ አንድ ደኅና ፈረስ ለጅብ ልንዳርግ ጥቂት ብቻ ቀርቶን ነበር።

ፈረስ በአገራችን ምን ያህል የተከበረ እንስሳ እንደ ሆነ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቻቸውን ሸልመው በአደባባይ ሲወጡ ያየ ሰው፣ ይህ ክብር ዛሬም እንዳልጠፋ ያውቃል። ነገር ግን የዳኘውን ገላ ማን ያጥብ እንደ ነበረ በታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ባልደራሱ ያውቅ ነበር፤ ጸሐፊው ግን አልጠየቀውም ይሆናል። የእኛ የቢሾፍቱ የጋሪ ፈረስማ ጭራሹን ስሙን የሚጽፍለት የለም። ሆኖም የሰውን ጤፍ ወደ ወፍጮ፣ የሰውን ሲሚንቶ ከመደብር የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ቦራ የአጎቴ ፈረስ ነው። አጎቴ በ2013 ዓ.ም. ከሰላሌ ከመጣ ነጋዴ ገዛው። መልኩ ዳማ ሲሆን ግምባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ቦራ አልነው። በተገዛ ጊዜ አስቀድሞ የተኮላሸ፣ ማለትም ገበሬው ሰንጋ የሚለው ዓይነት ነበረ። አጎቴ ለጋሪ ድንጉላ ፈረስ አይወድም፤ ባዝራ ባየ ቁጥር ጋሪውን ከነተሳፋሪው ይዞ ይሄዳል ይላል። እኔ የማድረው በአጎቴ ቤት ስለ ሆነ፣ ደብተሬና ጫማዬ የሚገዙት ቦራ በሚያመጣው ገንዘብ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ይህ ፈረስ ጋማውን ቢያበጥሩት፣ ኮቴውን ቢያነሡት ዝም ይላል። ከእንብርቱ ወደ ኋላ ግን እጅ ሲሄድ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ እግሩን ያነሣል። ስለዚህ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ሰው ከዚያ በታች ነክቶት አያውቅም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ ቦራ በመንገድ መካከል ድንገት መቆም ጀመረ። ይቆማል፤ የኋላ እግሮቹን ይዘረጋል፤ ያምጣል፤ ከዚያም ጥቂት ሽንት በሁለት በኩል እየተረጨ ይወጣና የገዛ እግሩን ያርሰዋል። ጭራውንም በግድግዳ ላይ ይፈትግ ነበር። አጎቴ ስንፍና መስሎት አለንጋ አበዛበት። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሳይ የብልቱ አፎት አብጧል፤ ሽታውም ከሩቅ ይሰማል። በትምህርት ቤት ስለ ንጽሕና ብዙ የተማርሁ ስለ ሆንሁ መፍትሔው እጥበት ነው ብዬ ደመደምሁ። እስከዚህ ድረስ ሐሳቤ ትክክል ነበረ።

ሥራው ግን ሁሉም ስሕተት ሆነ። ቅዳሜ በማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃና የልብስ ዱቄት ሳሙና ይዤ ሁለት ጓደኞቼን ጠራሁ። አንደኛው ጆሮውን ጠመዘዘ፤ ሁለተኛው ገመዱን ይዞ በማዶ ጎን ቆመ። እኔ ከኋላ በኩል ገብቼ ተቀምጬ እጄን ሰደድሁ። ቀዝቃዛው ውሃ እንደ ነካው ቦራ የኋላ እግሩን ወደ ፊት ወርውሮ ጭኔን መታኝ። አጥንቴ አለመሰበሩ የእድል ነገር ነው፤ ለሦስት ሳምንት አነከስሁ። ከእኔ ጉዳት ይልቅ የከፋው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦራ በሆዱ ሥር የሚታሰረውን ጠፍር እንኳ አላስነካ ማለቱ ነው። ጠፍር የማያሳስር ፈረስ ጋሪ አይጎትትም።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ማታ ቡና ላይ፣ «እንግዲህ ይኼ ፈረስ አብቅቶለታል፤ የሚገዛው ከተገኘ ይሸጣል፤ ካልተገኘም ይለቀቃል» አለ። መለቀቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ከጋሪ ነጂ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሥራ ያቃተው ፈረስ ወደ ከተማው ዳር ተነድቶ ይተዋል፤ ሌሊት ጅብ ይመጣል። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እባክህ አንድ ሳምንት ስጠኝ» አልሁት። አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለና «አንድ ሳምንት፤ ከዚያ አያልፍም» አለ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በዚሁ በከተማችን እንደሚገኝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪም ማግኘት ከሌላው ቦታ ይልቅ ይቀላል፤ እኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የመጡልን ሐኪም ሴት ነበሩ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አፍሬ ዙሪያውን ስዞር፣ እርሳቸው «ሽንቱን ሲሸና ቆመህ አይተሃል? ባንድ በኩል ነው ወይስ በሁለት የሚወጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ እፍረቱ ለቀቀኝ።

አሁን የነገሩኝን ባጭሩ ላስረዳ። የፈረስ ብልት በዕረፍት ጊዜ በተደራረበ ዕጥፍ ቆዳ ውስጥ ተሰብስቦ ይኖራል፤ ይህንን ቆዳ ነው እኔ አፎት የምለው። ከቆዳው የሚመነጨው ቅባት ከሞተ የቆዳ ቅርፊትና ከመንገድ አቧራ ጋር ይቀላቀልና ጥቁር ወይም አመድማ እድፍ ይሆናል። ጥቂት እድፍ መኖሩ የተፈጥሮ ነው፤ ቆዳውንም ስለሚጠብቅ በየሳምንቱ ፍቆ ማውጣት ጉዳት ያመጣል። ችግሩ የሚመጣው ሲበዛና ሲደርቅ ነው። በብልቱ ጫፍ፣ በሽንት መውጫው ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ አለ። እድፉ እዚያ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠጥርና ቅርጹ ባቄላ ይመስላል፤ ፈረንጆቹም ባቄላ ብለው ይጠሩታል። ይህ ባቄላ ሲያድግ የሽንቱን ቧንቧ ይጫናል፤ ሽንቱም የሚረጨው ስለዚህ ነው። ሰንጋ ፈረስ ብልቱን እንደ ድንጉላ ፈረስ አዘውትሮና ሙሉ በሙሉ አያወጣም፤ አንዳንዱም እዚያው አፎቱ ውስጥ ስለሚሸና እድፉ ይብስበታል።

ቦራ ሽንት ተቸግሮ ስለ ነበር ነገሩ ለነገ የሚባል አልነበረም። ሐኪሟ የሚያፈዝዝ መርፌ ወጉት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ብልቱም ሳይጎተት በራሱ ወረደ። መርፌው የሐኪም ሥራ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ማሳሰብ እወዳለሁ፤ ለድንጉላ ፈረስ ከማይስማሙት መድኃኒቶች መካከል ብልቱን አስወጥቶ እንዳይመለስ የሚያደርግ አለ። ደግሞም የፈዘዘ ፈረስ አይራገጥም ብላችሁ አትመኑ። ሐኪሟ እንደ ነገሩኝ የፈዘዘ ፈረስ ሳያስጠነቅቅ ሊመታ ይችላል፤ እርሳቸውም ፈዞ እያለ ከትከሻው አጠገብ አልራቁም። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ባቄላ አወጡ፤ ትልቁ ከእውነተኛ የባቄላ ፍሬ አያንስም። አጎቴ በመዳፉ ይዞ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያም ስለ አለንጋው ምንም ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱ ቦራ እንደ ቀድሞው በአንድ ወፍራም መስመር ሸና።

ነገር ግን ሐኪሟ ሊሄዱ ሲሉ፣ «ከስድስት ወር በኋላ እንደገና መታየት አለበት። ያን ጊዜ መርፌ ልስጠው ወይስ አንተ ታስተምረዋለህ?» አሉኝ። የፈዘዘ ፈረስ ምንም አይማርምና የክረምቱን ዕረፍት በሙሉ ለዚህ ትምህርት አዋልሁት።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ክፍል ያዙልኝ፤ እኔን ብዙ ቀን የፈጀብኝ እርሱ ነውና። መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከጋማው ሥር ያለውን ቦታ አከክለት ነበር፤ እዚያ ሲታከክ ላይኛው ከንፈሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ይወዳል። ከዚያ እጄን በጎኑ ላይ ቀስ እያልሁ ወደ ሆዱ አወርዳለሁ። ቦራ እግሩን ሲያነሣ ደንግጬ እጄን አነሣለሁ። አምስት ቀን እንዲህ አደረግሁ፤ በየቀኑም እግሩን የሚያነሣው ቀድሞ ነበረ። ለሐኪሟ በስልክ ስነግራቸው ሣቁብኝ። «በደንብ እያስተማርኸው ነው፤ እግሩን ካነሣ እጅህ እንደሚሄድ ተምሯል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ገለበጥሁት። እጄን የማሳርፈው እርሱ በሚችለው ቦታ ላይ ብቻ ሆነ፤ እግሩን ቢያነሣም እጄ ከቦታዋ አትሄድም፤ እግሩን መልሶ አሳርፎ አንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥ ባለ ጊዜ ወዲያው አነሣዋለሁ። ዕረፍቱን የሚያገኘው በመቆም እንጂ በመራገጥ አይደለም ማለት ነው። በቀን ከአሥር ደቂቃ አላስበልጥም፤ ሲያልቅ ጥቂት ፉርሽካ እሰጠዋለሁ።

ከእንብርቱ በኋላ ላለው ቦታ የእጄን ክንድ ለአደጋ አላቀረብሁም። አሮጌ ጓንት በጨርቅ ሞልቼ በረጅም በትር ጫፍ ላይ አሰርሁና በርሱ ዳበስሁት። አንድ ጊዜ ጓንቷን በእግሩ መትቶ እስከ አጥሩ ወረወራት። ያቺ ጓንት የእኔ እጅ ልትሆን ትችል ነበር! ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ግን ጓንቷ በጭኖቹ መካከል ብታልፍም ገብሱን ማላመጥ አላቆመም። ያን ጊዜ በትሩን ትቼ በእጄ ጀመርሁ።

ስለ አቋቋም ደግሞ ልንገራችሁ። በፈረሱ ትከሻ አጠገብ፣ ፊታችሁን ወደ ጭራው አዙራችሁ፣ ወደ ገላው ተጠግታችሁ ቁሙ። አንድ እጃችሁ ጀርባው ላይ ይሁን፤ ሊራገጥ ሲያስብ ጡንቻው አስቀድሞ ሲጠነክር በዚያ እጅ ይሰማችኋል። አትቀመጡ፤ አትንበርከኩ። ገመዱን የሚይዘውም ሰው እናንተ ባላችሁበት ጎን ይቁም። ፈረሱ ቢረበሽ ራሱን ወደ እናንተ ሲስበው የኋላ አካሉ ከእናንተ ይርቃል። ጓደኛዬ በማዶ ጎን ቆሞ ራሱን ወደ ርሱ በሳበ ጊዜ የኋላ እግሩን ወደ እኔ እንደ ላከልኝ የገባኝ ያኔ ነው። ጆሮ መጠምዘዝንም ፈጽሞ ተዉ። ታናሽ እኅቴ ገመዱን ስትይዝ ምንም አትጠመዝዝም፤ ቀስ እያለች ታንጎራጉራለች እንጂ፤ ከሁለቱ ጎረምሶች ጓደኞቼ እርሷ በለጠች። (ይህንን በመናገሬ ከሁለቱ አንደኛው አሁን ፊቱን አዙሮብኛል።)

የመጀመሪያውን እጥበት ያለ መርፌ ያደረግነው በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ደክሞት ሲያንቀላፋ ቆየሁት፤ በዚህ ሰዓት ብልቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ዝቅ ይላል። ጭድ ያለበት መሬት ላይ ሲቆምም ሽንቱ እግሩ ላይ ስለማይረጭበት ይሸናል፤ ያን ጊዜ ሳይነኩ በዐይን ብቻ ማየት ይቻላል። ማታውን ጥቂት የምግብ ዘይት በአፎቱ ውስጥ ቀብቼው አድሮ ነበርና የደረቀው እድፍ ለስልሷል። ጥፍሬን ቆርጬ፣ ቀጭን የላስቲክ ጓንት አድርጌ፣ ለብ ያለ ውሃ በሁለት ባልዲ አዘጋጀሁ፤ ሙቀቱን እናቶች የሕፃን ውሃ እንደሚለኩት በክርኔ ለካሁት። ሳሙናው ለስላሳ የሕፃን ሳሙና ነበረ፤ እርሱም ጥቂት ብቻ። የልብስ ሳሙና፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን ጠንካራ መድኃኒት፣ እነዚህ ሁሉ ያንን ስስ ቆዳ ያቃጥላሉ።

እርጥብ ጥጥ ይዤ በዕጥፎቹ መካከል እጄን ቀስ እያልሁ አስገባሁ። ብልቱን አልጎተትሁም፤ ቅርፊት ብሎ የተጣበቀውንም በጥፍር አልፋቅሁም፤ የሚለቀውን ብቻ አወጣሁ። አንድ ጊዜ ቦራ ጭራውን ወዘወዘ፤ እጄን ባለበት አቆምሁ፤ ተነፈሰ፤ እጄን አወጣሁ፤ ጥቂት ቆይቼ እንደገና ገባሁ። ጫፉ ላይ ያለችውን ጉድጓድ በአንድ ጣቴ ዳበስሁ፤ ከምስር የማትበልጥ ለስላሳ ጓል ነበረች፤ ወጣች። ከዚያ ሳሙናው እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅሁ። ይህ መለቅለቅ ከማጠቡ ይልቅ ይረዝማል፤ ሳሙና ከቀረ ቆዳው ይቆጣልና። ባልዲዎቹን ሳነሣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖኝ ነበር። በማግሥቱ አፎቱ ጥቂት አብጦ ስላየሁ ደነገጥሁ፤ ነገር ግን ከእጥበት በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ ነበር፤ ጎደለም።

ሰው ራሱ የሚያጥበውና ሐኪም የሚጠራበት ነገር ይለያያል። ቁስል፣ ደም፣ እንደ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ፣ ትል፣ ወይም ወጥቶ መመለስ ያቃተው ብልት ካያችሁ ውሃና ሳሙና አታንሡ። በሽመገለ ፈረስ፣ ይልቁንም ቆዳው ነጣ ያለ ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ነቀርሳ ይወጣል፤ ዝንብም እጭ ጥላበት የማይድን የሚመስል ቁስል ታመጣለች። ወጥቶ የቀረ ብልት ሰዓታት ብቻ ነው የሚጠብቀው። በአርሲና በባሌ ደጋ ደግሞ በግንኙነት የሚተላለፍ ዶሪን የሚባል በሽታ ስላለ፣ ድንጉላና ባዝራ ያለው ገበሬ የብልት እብጠትን እንደ እድፍ ብቻ ማየት የለበትም። እብጠት ሁሉ ከእድፍ አይመጣም፤ ብዙ ቀን ሳይሠራ በጋጣ የቆመ ፈረስ አፎቱ ያብጥና ሲንቀሳቀስ ይጎድላል። ከሁሉ በላይ ትናንት ሲነካ ዝም ይል የነበረ ፈረስ ዛሬ ቢራገጥ፣ ባሕርዩን ከመውቀሳችሁ በፊት የሚያመውን ፈልጉ። ቦራን ለማወቅ የዘገየነው ከመጀመሪያውም የማይነካ ስለ ነበረ ነው፤ ሕመሙ ከጠባዩ ጋር ተደባለቀብን።

ባለፈው ሚያዝያ ስድስት ወር ስለ ሞላው እንደገና አየሁት። ምንም የሚታጠብ ነገር ስላላገኘሁ አላጠብሁትም፤ ጓንቴን አውልቄ ፉርሽካውን ሰጠሁት። አጎቴ አሁን በጋሪ ማቆሚያው ለሌሎች ነጂዎች ያስተምራል፤ ነገር ግን ቦታውን በስሙ መጥራት ስለሚያፍር «እዚያ ታች» ይላል፤ ነጂዎቹም ይገባቸዋል። አንዱ ነጂ ግራጫ ሰንጋ አለው፤ ሲሸና ሁለቱን እግሮቹን ያርሳል፤ ሆዱንም አያስነካም። ሐኪሟ ሐሙስ ዕለት ባቄላውን አውጥተውለታል። ትምህርቱን በዚህ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንጀምራለን፤ እኅቴ ገመዱን ትይዛለች፤ በትሩንና ጓንቷን እኔ አመጣለሁ። ከኋለኛው ረድፍ ባልዲ የሚይዝልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።